የጠመንጃ መነጽር ሲገዛ ብሩ የት ይዋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። በውጭ አገር 200 ዶላር የሚሸጥ፣ ብዙዎች «ስኮፕ» የሚሉት የጠመንጃ መነጽር ቀድሞ 11 ሺህ 400 ብር ገደማ ያወጣ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመርበት ከ26 ሺህ ብር በላይ ነው። በዚህ ዋጋ ተሳስቶ መግዛት ያስቆጫል፤ ስሕተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚያፈሰው በሣጥኑ ላይ በትልቁ ለተጻፈው የማጉላት ቁጥር ሲሆን፣ ጥይቱ በተፈለገበት ቦታ እንዲያርፍ የሚያደርገው ግን በመነጽሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራው የማስተካከያ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የምለው ለዒላማ ተኩስ ብቻ፣ ያውም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት እንደ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና ሰበታ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ለሚለማመድ ባለፈቃድ ሰው የሚሆን ነው።

ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት ሕጉን ማስቀደም ይገባል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ሆነ ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። «ስኮፕ ብቻውን አይተኩስም» የሚለው ክርክር በጉምሩክ ጠረጴዛ ፊት ብዙ አያራምድም፤ ወፍ ለማየት ተራ ባይናኩላር ይዘው የመጡ መንገደኞች እንኳ ቦሌ ላይ ፈቃድ ሲጠየቁና ዕቃቸው ሲያዝባቸው ኖሯል። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «በሻንጣህ ያዝልኝ» ከማለት በፊት የሚመለከተውን አካል ጠይቆ ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። የተወረሰ ዕቃ የቱንም ያህል በርካሽ ቢገዛ ከሁሉም ውድ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ መጀመሪያውኑ ስኮፕ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በኦሊምፒክ የምናያቸው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃና የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድሮች የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ1907 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ በእነዚህ ውድድሮች አጉሊ መነጽርን አይፈቅድም። በ10 ሜትሩ ዒላማ ላይ 10 የሚያሰጠው ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ተኳሾቹ ይህንን የሚመቱት በጠባብ ቀዳዳ እያዩ እንጂ በማጉያ አይደለም። እንግዲህ በዚህ መስመር ለመወዳደር የሚያስብ ወጣት ለስኮፕ ያሰበውን ብር በሙሉ ለጥሩ የቀዳዳ ማነጣጠሪያና ለጥይት ቢያውለው ይሻለዋል። ስኮፕ ቦታው ጠመንጃውን በጠረጴዛ ወይም በመሬት ላይ አስደግፎ በሚተኮስበት ስፖርት ነው፤ እስከ 1,000 ያርድ የሚተኮስበት ኤፍ ክላስ የሚባለው ውድድር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ስኮፕ በእጅጉ የሚጠቅመው ዕድሜው ከ45 ያለፈ ሰው ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ለመተኮስ ዓይን የኋላውን ቆራጣ፣ የፊቱን ጉጥና ዒላማውን በአንድ ጊዜ ማጥራት አለበት፤ የጎልማሳ ዓይን ይህን እምቢ ይላል። ስኮፕ በውስጡ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀልና ዒላማውን በአንድ እርከን ላይ አስቀምጦ ስለሚያሳይ ይህን ችግር ያቃልላል። በእኔ እምነት ይህ ጥቅሙ ከማጉላቱ ይበልጣል።

ስለ ማጉላት ከተነሣ፣ በሣጥኑ ላይ 3-9×40 ተብሎ ሲጻፍ ዕቃው ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋትም 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ጠመንጃዎች ጋር ስሙ የሚነሣው ፒ.ዩ. የተባለው መነጽር የሚያጎላው 3 ተኩል እጥፍ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለድራጉኖቭ ጠመንጃ የተመረጠውም 4 እጥፍ ነበር። እነዚህ ከወረቀት ዒላማ ለሰፋ ነገር የተሠሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ወረቀት ላይ የተበሳን 5.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለማየት ከዚያ የበለጠ ማጉላት ያሻል። ይሁንና በ50 ሜትር 9 እጥፍ፣ በ100 ሜትርም 12 እጥፍ፣ ሌንሱ የጠራ እስከሆነ ድረስ ነጭ ወረቀት ላይ ያለውን ቀዳዳ ያሳያል። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ዒላማውን ብቻ ሳይሆን የልብ ምትንም፣ የትንፋሽንም፣ የአየሩንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። በበጋ ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ በ24 እጥፍ የተመለከተ ሰው ዒላማው እንደ ፈላ ውሃ ሲንተከተክ ያያል። ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ምስሉ ይናጣል፤ ይህን ውድ ሌንስም አያስቀረውም። በዚህን ጊዜ ማጉላቱን ወደ 10 ማውረድ ወይም ልምምዱን ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማድረግ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የፊት ሌንስ ስፋትም እንዲሁ ከሚገባው በላይ ዋጋ ይሰጠዋል። ባለ 50 እና ባለ 56 ሚሊ ሜትር ሌንሶች በብዛት የሚፈለጉት በአውሮፓ ምሽት ላይ አውሬ በሚያድኑ ሰዎች ነው፤ እዚያ በበጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ረጅም ሰዓት ይቆያል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች በመሆኗ ፀሐይ ከገባች ከ20 ደቂቃ ትንሽ ካለፈ በኋላ ጨለማው ይወርዳል፤ ዒላማ ተኩስም የቀን ሥራ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ሲያካፍሉት ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ በ9 እጥፍ 4.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል። በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚከፈት የተረፈው ብርሃን ከብሌኑ ውጭ ይቀራል። ይህ ሒሳብ ሻጭንም መፈተሻ ይሆናል። ማጉላቱን 12 ላይ አድርጎ ስኮፑን ወደ ሰማይ (በፍጹም ወደ ፀሐይ ሳይሆን) በክንድ ርቀት ይዞ በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ በማስመሪያ መለካት ነው። ባለ 50 ተብሎ የተሸጠው ዕቃ 4 ሚሊ ሜትር ከምናምን መስጠት ሲገባው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሰጠ፣ ከውስጥ ያለው ማጥበቢያ ዳሩን ስለከለለው በተግባር የሚሠራው ሌንስ 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው ለማማር የተገጠመ መስተዋት ነው።

ለመስተዋቱ ጥራት ገንዘብ ማውጣት ግን ተገቢ ነው። ያልተቀባ የመስተዋት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በአንድ ስኮፕ ውስጥ 7 ሌንስ ቢኖር 14 ገጽ ይሆናል፤ ብርሃኑ ሁሉንም አልፎ ዓይን ሲደርስ ከመቶው 56 ያህሉ ብቻ ይተርፋል። በበርካታ ንብርብር ሲቀባ ግን እያንዳንዱ ገጽ ከግማሽ በመቶ የማይበልጥ ስለሚመልስ ከመቶው 93 ያህሉ ያልፋል። ብርሃን እንዳይመለስ የሚያደርገውን ይህን ቀለም አሌክሳንደር ስማኩላ በጀርመኑ የሌንስ ሠሪ ኩባንያ በዛይስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓተንት ካስመዘገበው ወዲህ ዘዴው ተራ ነገር ሆኗል፤ ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስኮፕም በአግባቡ የተቀባ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «ተቀብቷል?» ተብሎ ሳይሆን «ሁሉም ገጽ፣ በበርካታ ንብርብር ተቀብቷል?» ተብሎ ነው።

አሁን ብዙ ገዢዎች ወደሚዘሉት ጉዳይ እንምጣ፤ ፓራላክስ የሚባለው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ የፍጥነት መለኪያውን መርፌ ሾፌሩ ከሚያየው ለየት ባለ ቁጥር ላይ ያየዋል፤ መርፌውና ቁጥሩ በአንድ ገጽ ላይ ስላልሆኑ በጎን በኩል ያየ ይሳሳታል። በስኮፕ ውስጥም መስቀሉና የዒላማው ምስል በአንድ ገጽ ላይ ካላረፉ ዓይን ትንሽ ወደ ጎን በሸሸ ቁጥር መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ርካሽ ስኮፖች ማስተካከያ ስለሌላቸው ፋብሪካው በአንድ ርቀት ላይ ዘግቷቸዋል፤ ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ላይ ነው። በ91 ሜትር የተዘጋ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ስኮፕ በ50 ሜትር ዒላማ ላይ ሲውል፣ ዓይን ከሌንሱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ስሕተቱ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በ25 ሜትር ደግሞ ከ14 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የ50 ሜትሩ ዓለም አቀፍ ዒላማ የ10 ነጥቡ ክብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ተኳሹ ምላጩን ያለ እንከን ቢስብ እንኳ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ባሳረፈበት ሁኔታ ብቻ 10ሩን ሊስት ይችላል ማለት ነው። ጥይቱን ይወቅሳል፣ ነፋሱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን ከዓይኑ ሥር ነው። በአጭር ርቀት ለሚተኩስ ሰው የፓራላክስ ማስተካከያ ያለው ባለ 9 እጥፍ ስኮፕ፣ ማስተካከያ ከሌለው ባለ 24 እጥፍ በብዙ እጅ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን ቀደም ብዬ ያነሣሁት የማስተካከያው ክፍል ነው። ስኮፑ ላይ ያሉት ሁለት መዘውሮች ሲዞሩ በውስጡ ያለውን ትንሽ ቱቦ ይገፋሉ፤ በተቃራኒው በኩል ያለ ሞላ ደግሞ ቱቦውን ወደ መዘውሩ ይጫነዋል። ሞላው ደካማ ወይም የመዘውሩ ጥርስ ሻካራ ከሆነ መዘውሩ «ጠቅ» ይላል እንጂ ቱቦው በትክክል አይንቀሳቀስም። ይህን ለማወቅ ጠመንጃም ጥይትም አያስፈልግም።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ጧት ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ይህንኑ ሙከራ አይቼአለሁ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ጡረታ የወጡ የተኩስ አሠልጣኝ ናቸው። ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቦይ ፈልፍለው፣ ግንዱን በሞርሳ ከድንጋይ ካቡ ጋር አጣብቀው፣ ስኮፑን በቦዩ ውስጥ አስተኝተው በጎማ ጠፍር አሠሩት። በሜትር 50 ሜትር ለክተን አጥሩ ላይ ባለ ሚሊ ሜትር ወረቀት ለጠፍን። መጀመሪያ የተፈተሸው የእርሳቸው ነው፤ አንድ የውጭ አገር አዳኝ ትቶላቸው የሄደ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ የማይለወጥ ባለ 6 እጥፍ አሮጌ መነጽር። የእርሱ አንድ ጠቅታ ሩብ የማዕዘን ደቂቃ (የማዕዘን ደቂቃ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው) ስለሆነ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 40 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 40 ወደ ቀኝ፣ 40 ወደ ታች፣ 40 ወደ ግራ አዞሩት፤ መስቀሉ በየጎኑ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተጉዞ አራት ማዕዘኑን ሠርቶ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ገባ።

ቀጥሎ የጎረቤታቸው ልጅ በፈቃድ ለያዛት ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ38 ሺህ ብር የገዛው አዲስ 6-24×50 ተተካ። መስቀሉ በቀይና በአረንጓዴ ይበራል፤ ሣጥኑ እንደ ሰርግ ስጦታ ያምራል። የዚህኛው ጠቅታ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ነው ተብሎ ስለተጻፈበት በ50 ሜትር 40 ጠቅታ 20 ሴንቲ ሜትር መሄድ ነበረበት። ወደ ላይ 18 ሄደ፤ ወደ ቀኝ 18 ተኩል። ተመልሶ ሲመጣ ከተነሣበት ነጥብ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምናልባት ግንዱ ተንቀሳቅሶ እንዳይሆን» አለ ልጁ።

«ግንዱማ የእኔንም ይዞ ነበር፤ ድገመው ልጄ።»

ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ቦታ ላይ አረፈ። ከዚያ ሽማግሌው በመፍቻው እጀታ ቱቦውን መታ መታ ሲያደርጉት መዘውሮቹን ማንም ሳይነካ መስቀሉ ዘሎ ወደ መነሻው ተጠጋ። ተኝቶ የነበረው ሞላ ያን ጊዜ ነው የነቃው። በተኩስ ጊዜ ይህን የሚያደርገው የጠመንጃው ርግጫ ነው፤ አስተካክሎ የሚተኩሰው የመጀመሪያው ጥይት አንድ ቦታ፣ ሁለተኛው ሌላ ቦታ የሚያርፍበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

እንዲህ ያለ ፈተና ሳያደርጉ መግዛት ግድ ከሆነ ምርጫውን ማጥበብ ይረዳል። በተመሳሳይ ዋጋ ማጉላቱ የማይለወጥ ወይም በጠባብ ክልል የሚለወጥ ስኮፕ፣ ከ6 እስከ 24 ከሚለው ይልቅ ለማስተካከያው ክፍል የሚተርፍ ገንዘብ አለው፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ያነሰ ነውና። የሚበራ መስቀል ለቀን ዒላማ ምንም አይጨምርም። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቱቦ «ብርሃን ያበዛል» የሚባለው ተረት ነው፤ የሚሰጠው ሰፋ ያለ የማስተካከያ ክልል ነው፣ በ100 ሜትር ደግሞ ያን ያህል ክልል አያስፈልግም። መስቀሉ ከማጉላቱ ጋር አብሮ የሚያድግበት አሠራርም ርቀቱ ለማይታወቅ ዒላማ እንጂ በሜትር ለተለካ ወረቀት አይደለም። የጠቅታውን መለኪያ በተመለከተ ግን በሜትርና በሴንቲ ሜትር ላደገ ሰው በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር የሚሄደው ይቀለዋል፤ በሩብ ደቂቃው ጠቅታ 7.3 ሚሊ ሜትር እያባዙ መደመር ያደክማል።

ለእኛ አካባቢ ብቻ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ስኮፕ ጥይቱ በየርቀቱ የሚወድቅበትን መጠን አስቀድሞ አስልቶ በምልክት ያሳያል፤ ለዚህም ዋጋ ያስጨምራል። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል አካባቢ አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሰንዳፋ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጥይቱም ፍጥነቱን ቶሎ ስለማያጣ ከምልክቱ ከፍ ብሎ ያርፋል። በ50 ሜትር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ በረጅም ርቀት ግን ምልክቶቹ ያሳስታሉ። እዚሁ ተኩሶ የራስን ሠንጠረዥ በደብተር መያዝ ይሻላል።

የምርት ስምና ዋስትናም በእኛ ሁኔታ ሌላ ሚዛን አላቸው። እንደ ሉፖልድና ቮርቴክስ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ኦሪገን ወይም ዊስኮንሲን ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ዕቃውን ለመላክ፣ የመላኪያውን ከፍሎ፣ ተጠግኖ ሲመለስ ደግሞ ከጉምሩክ ለማስለቀቅ ለሚሮጥ ሰው ግን ዋስትናው በወረቀት ላይ ያለ ነው። በተጨማሪም አንድ ስም ሁሉንም አይናገርም፦ የቮርቴክስ ዕቃዎች እንደ ደረጃቸው በቻይና፣ በፊሊፒንስ፣ በጃፓንና በአሜሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የሚመረጠው ሞዴሉ ነው። የሉፖልድ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አስመሳይ ስኮፖች መኖራቸውን ኩባንያው ራሱ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ተከታታይ ቁጥር የሌለው ወይም ዋጋው ከሚገባው በግማሽ ያነሰ «ኦሪጅናል» ሲቀርብ ቀረጡን ሻጩ ከፍሎልኝ ነው ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

ከበጀቱ አምስተኛው ያህል ለማቀፊያ ቀለበቶችና ለመቀመጫው ሐዲድ ይያዝ እላለሁ። ልል በሆነ ቀለበት የታሠረ ውድ ስኮፕ ከርካሽ ስኮፕ አይለይም። ቡሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ቱቦውን ጨፍልቆ ያንኑ ሞላ ያንቀዋል፤ የማጥበቂያው ኃይል ከ2 ኒውተን ሜትር ማለፍ የለበትም። መስቀሉ ቀጥ ማለቱን ለማየት የግንበኛ ቱንቢ ከአጥር ላይ አንጠልጥሎ ቁመቱን ከክሩ ጋር ማስተያየት በቂ ነው። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የዚህ ጠመንጃ ርግጫ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ስለሆነ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራን ስኮፕ እንኳ ሊሰብር ይችላል። «ለአየር ጠመንጃ» ተብሎ የተሠራ፣ ፓራላክሱም እስከ 10 ሜትር የሚወርድ ይፈለግ። ስኮፑ ጠመንጃው ላይ ካለ ደግሞ ሰው ወይም ከብት ለማየት አይነሣበትም፤ መነጽሩ ባየበት ሁሉ አፈሙዙም ያያል።

ክረምት ሲገባ ርካሽ ስኮፕ ከውስጥ ጉም ይይዛል። በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ ተሞልቶ የታሸገ ከሆነ ይህ አይገጥመውም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሱሉልታ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ስኮፕ ማልዶ ሙቅ ቤት ሲገባ ከውጭ ማላቡ ግን ተፈጥሯዊ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ መጠበቅ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሌንሱን በብርሃን ላይ ይዞ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ እንዳለበት ይመልከት፤ መዘውሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሮ ጠቅታውን ይቁጠር፤ መሃል ላይ የሚሰናከል ካለ ይተወው።

የሰንዳፋው ልጅ ስኮፑን ለሻጩ ሊመልስ ሄዶ «ከሣጥኑ ወጥቷል» ተብሎ ተመለሰ። አሁን በ50 ሜትር ላይ አስተካክሎ፣ ቱቦውን መታ መታ አድርጎ ካረጋጋ በኋላ የመዘውሮቹን ክዳን በፕላስተር አሽጎታል፤ ማጉላቱም 10 ላይ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።